ሁለት ንባብ

ሥራዬ ውሃ ነው፤ ሐይቁን እለካለሁ፣
በዓመት ሁለት ጊዜ እዚያ እሄዳለሁ፤
ከጎርጎራ ወዲህ፣ በካርታው ላይ የለች፣
ግንብ የተረፋት፣ ውሃ ዳር የቆመች።
ከወደቡ ድንጋይ የታሰረ ብረት፣
ቀይ ቁጥር ያለበት፤
አነብና እጽፋለሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁመት።
ሌላ ዓምድ የለውም የመሥሪያ ቤት ደብተር፣
ለቀረው ነገር።

መጀመሪያ የሄድሁት ጳጉሜ ሦስት ዕለት፣
መኪናችን ተኛች፣ ጭቃው ሆኗት በረት፤
አስረስ በደንገሉ፣ ታንኳው እያለቀሰ፣
ሐይቁ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ እየፈሰሰ፣
አደረሰኝ። ካፖርቴም ደብተሬም ራሰ።

ጉም ነው። ግንቡ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነበር፦
ጠብታ፣ ጠብታ፣ ከቅስቱ ሲወርድ፣ ድንጋይ ሲናገር።
ጭሱ የሣር ክዳን ላይ ሳይነሣ ይውላል፤
ሰው ሌሊት ጉማሬ የጋጠውን በቆሎ ቆጥሮ ይምላል።
ልጆች ዕርቃናቸውን፣ ሩፋኤል ሲዘንብ፣
ይራጫሉ ከፍርስራሹ፣ ከነገሥታት ግንብ።

አያ ጓንጉል፣ ዘበኛው፣ ገሳቸውን አጥልቀው፣
ቁልፉን እንደ ጫጩት በብብት ደብቀው፣
ወጡ። «ምን እግር ጣለሽ ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዶፍ?
ገሳዋን ልበሻት» ብለው፣ ቆሙ ከደጃፍ፣
ፀጉር የሸሸውን ራስ ለሩፋኤል ጠብታ
ሰጡ፤ እንደ ልጅ ሳቁ፤ እኔም ላፍታ፣ ላፍታ
ሥራዬን ረሳሁ።

«አሥር ነው ደረጃው፣ ከበር እስከ ወደብ፤
ሰባቱን ውጦታል ሐይቁ፣ ገና ሳይጠግብ።»

ከቅስቱ ሥር ያለ ጽሑፍ አየሁና፣
«ምን ይላል?» ስላቸው፣ «ተይው በይ፣ ደኅና
ነው፤ በክረምት አላነበውም እኔ፤
እሱ ነው የሚያነበኝ፣ ሲከደን ዓይኔ።»

ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ቀለሙ በገጹ ላይ ዋኘ፤
ያ ቀን እንዲህ ሆኖ በወረቀት ተገኘ፦
ሰማያዊ ነጠብጣብ።

በሚያዝያ ተመለስሁ። ሦስት መኪና ቆሟል፤
ግንቡ በፀሐይ ደርቆ አጥንቱ ገርጥቷል፤
ሐይቁ ሸሽቶ፣ ሸሽቶ፣ ከብት በለቀቀው ጭቃ፤
ልጆች ይሸጣሉ የደንገል ታንኳ፣ እንደ ጣት ደቃቃ።
ያ ራቁቱን ያየሁት ልጅ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣
«ሃምሳ ብር» ይለኛል፣ ዓይኔን አይቶ፣ አልፎ።

አያ ጓንጉል ባርኔጣ ደፍተው፣ ደረታቸው ላይ ባጅ፣
ይናገራሉ ሳይተነፍሱ፣ እንደ ገበያ አዋጅ፦
ስንት ዓመት፣ ስንት ክንድ፣ ማን ሠራው፣ ማን ፈታው፤
ሁሉም ከነቀኑ፣ ሁሉም ከነቦታው።
ጽሑፉንም ጭምር፣ ያን «ተይው» ያሉኝን፣
ለውጭ አገር ሰዎች አነበቡት። እኔን
ግን አላወቁኝም። «ትኬትሽስ የታለ?»
የመንግሥት መታወቂያ ባሳይ፣ «እሺ» ተባለ።

ደረጃውን ወረድሁ፣ ቆጠርሁ፤ ከአሥሩ ወዲያ ደግሞ
ሌላ አለ፣ ከውሃው ሥር፣ አረንጓዴ ጺም አብቅሎ፣ ቆሞ፤
ከሱም ሥር ሌላ፤ ከሱም ሥር ጨለማ።
«አሥር ብለውኝ ነበር» አልሁ፣ ማንም ሳይሰማ።

ጎብኚው ለምሳ ሲበተን፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው
መጡ፤ ራሳቸውን ሳይ አወቅኋቸው፤ እሳቸውም አይተው፣
«ውይ! የገሳዋ ልጅ!» አሉ። «በበጋ ሰው አላውቅም፤
ፊት ይበዛብኛል፣ አንዱም ዓይኔ ላይ አይዘልቅም።»

«ደረጃውስ፣ ስንት ነው?»

«ለእነሱ አሥር ነው፤
እንደዚያ ነው የተሰጠኝ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው።
እኔ ግን በድርቅ ዓመት፣ ልጅ ሆኜ፣ አሥራ ሰባት ድረስ
ወርጄ አልጨረስሁም፤ ጠራኝ አባቴ፣ ‹ተመለስ!›»

ዝም አልን። ሐይቁም ዝም አለ።

ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ቀለሙ ወዲያው ደረቀ፣ ጠራ፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ቁመት፤ ጥርት ያለ ሥራ።
አለቃዬ ወደደው። የጳጉሜውን ገጽ ግን፣
«አይነበብም፣ ድገሚው» ብሎኛል።
እስካሁን
አልደገምሁትም።